የኪያር ቅጠል ላይ የወጣ ነጠብጣብ፣ ፈንገስ ነው ወይስ ባክቴሪያ? እባካችሁ እዩልኝ

የሮቢት ጓሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁ ከሸዋ ሮቢት። ወንዙ ዳር ባለችን መሬት ላይ ዘንድሮ ኪያር አለን፣ የባሕር ዛፍ እንጨት አቁመን ሐረጉን በሲባጎ ወደ ላይ እያሰርን ነው የምናሳድገው፣ እስኪያብብ ድረስ ዓይን የሚሞላ ነበር። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከበረታ ወዲህ ግን ከታች ያሉት ቅጠሎች ላይ ነጠብጣብ ጀመረው፣ አሁን ወደ መሀል እየወጣ ነው። ሲጀምር ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው የሚመስለው፣ ወደ ፀሐይ አድርጌ ሳየው ብርሃን ያሳልፋል፣ ከዛ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና መሀሉ ይደርቃል። ክብ አይደለም፣ ጥግ ጥግ አለው፣ የቅጠሉ ጅማት ጋ ሲደርስ ይቆማል። የቆየው ደግሞ መሀሉ ተፈርፍሮ ወድቆ ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ ትል የበላው ነው የሚመስለው ግን ፈልጌ ፈልጌ ትል የለም።

ቅጠሉን ይዤ መድኃኒት መሸጫ ሄጄ የፈንገስ ነው ተባልኩና ማንኮዜብ ገዛሁ፣ በተባለው መጠን ተረጨ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤት ደግሞ ማዳበሪያ አንሶት ነው ዩሪያ ጨምሪበት ይለኛል። ሌላ ብር ከማውጣቴ በፊት ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ነው የምፈልገው፣ ፍሬ መያዝ ጀምሯል፣ መንገድ ዳር ያሉት ሆቴሎችም ደብረ ብርሃን ያሉ ነጋዴዎችም መቼ ነው የሚደርሰው እያሉ እየደወሉ ነው። ፎቶ አያይዣለሁ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ በእናታችሁ ዝም አትበሉኝ።

ጀውሃ ማዶ፦

እህቴ ይሄ ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው እንደ ፈንገስ ያለ የቅጠል በሽታ ነው የሚመስለኝ። እኛ ጋም ክረምት ላይ ኪያርና ሐብሐብ የሚያስቸግረን እሱ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ጥግ ጥግ ካለው በቃ እሱ ነው። ማንኮዜብ እኮ በሽታው ሳይገባ ቀድሞ ቅጠሉን ለመሸፈን ነው እንጂ ከገባ በኋላ ብቻውን አይመልሰውም፣ ሜታላክሲል የተቀላቀለበትን ፈልጊና ሞክሪ። ከታች የተበላሸውን ቅጠልም ዛሬውኑ ቀንጥሰሽ አውጪው። ዩሪያውን ግን ተይው፣ ሐረጉ ከመጠን በላይ ከለመለመ ቅጠል ቅጠል ላይ ይደራረብና አየር አይገባውም፣ ያኔ በሽታው ይብሳል።

ሰብል ጥበቃ፦

ሰላም እህቴ። ትምህርቴም ሥራዬም ሰብል ጥበቃ ስለሆነ ፎቶውን አስፍቼ ነው ያየሁት። ወንድማችን ያለው በሽታ አካባቢያችሁ ላይ በደንብ አለ፣ ከቅጠሉ ጀርባ ካልታየ በቀር እሱንና ባክቴሪያ የሚያመጣውን ነጠብጣብ መለየት ለኛም ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ሁለቱም በጅማት መሀል ታግደው ጥግ ያወጣሉ። ግን አንቺ ከጻፍሽው ሁለት ነገር ወደ ባክቴሪያ ነው የሚወስደኝ፣ አንደኛው ሲጀምር ውሃ የቋጠረ መስሎ ብርሃን ማሳለፉ፣ ሁለተኛው መሀሉ ተፈርፍሮ ወድቆ ቅጠሉ መበሳሳቱ። ዳውኒ ሚልዲው ሲደርቅ ቅጠሉ እንዳለ ቡናማ ሆኖ ይኮማተራል እንጂ እንዲህ አይበሳሳም። የምጠረጥረው አንጉላር ሊፍ ስፖት የሚባለውን ነው፣ አምጪው ሲውዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ኪያር የሚይዘው ዓይነቱ ላክሪማንስ ይባላል። ይሄ ከሆነ ማንኮዜብም ሜታላክሲልም ባክቴሪያ አይነኩም፣ ብርሽ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አሁን ምንም አትግዢ።

ነገ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ግቢና በሽታው አዲስ ከሆነበት ቦታ ቅጠል ገልብጠሽ እዪ፣ የደረቀውን አይደለም፣ ገና ዘይት የመሰለውን። ከቢጫው ነጠብጣብ በስተጀርባ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ስስ ፀጉር የመሰለ ነገር ካለ ዳውኒ ነው። ፀጉር ከሌለው ግን ነጠብጣቡ ላይ ጥርት ያለች ወይም ነጣ ያለች ጠብታ ካየሽ ባክቴሪያ ነው። ከዛ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ተመልሰሽ እዛው ቅጠል ላይ እዪ፣ ጠብታዋ ደርቃ ነጭ ስስ ቅርፊት ትሆናለች፣ በጥፍር ሲነኳት ትነሣለች። ፍሬውንም አትርሺ፣ ዳውኒ ፍሬ አይነካም፣ ቅጠል ብቻ ነው የሚጨርሰው፣ ባክቴሪያው ግን ፍሬ ላይ ትንንሽ ክብ ውሃ የቋጠሩ ነጥቦች ያወጣል፣ ኋላ መሀላቸው ይነጣና ይሰነጠቃል።

ጀርባው ላይ ምንም ካላገኘሽ ደግሞ ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል እርጥብ ሶፍት ካለበት ፌስታል ውስጥ ከተሽ አፉን አስረሽ ቤት ውስጥ አሳድሪው፣ ዳውኒ ከሆነ ጠዋት ላይ ፀጉሩን አብቅሎ ታገኚዋለሽ። ከነካሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ወደ ሌላው መደብ እንዲሁ አትለፊ።

የቀወት ገበሬ፦

ልጄ እግዜር ይርዳሽ። ቲማቲማችን ቆሞ እያለ በአንዴ ሲጠወልግ ጊዜ የግብርና ባለሙያው መጥቶ ግንዱን ቆረጠና ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠለው፣ ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ቦታ ነጭ እንደ ክር ያለ ነገር ቁልቁል ወረደ፣ ይሄ ባክቴሪያ ነው አለን። አንቺም ቅጠሉን ቆርጠሽ እንደዚያ ብታደርጊው አይታወቅም ወይ? መድኃኒት የለውም ብሎ ነቅለን እንድናቃጥለው ነው ያዘዘን፣ መሬቱ ላይም ቲማቲምና ድንች ዳግመኛ እንዳንተክል። ያንቺም እንደዚያ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ሰብል ጥበቃ፦

ጋሼ ያሉት ትክክለኛ ሙከራ ነው፣ ለአጠውላጊው በሽታ ሜዳ ላይ ከሱ የተሻለ የለም። የሱ ባክቴሪያ ግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያመላልሰውን ቧንቧ ስለሚሞላው ሲቆረጥ በብዛት ይወርዳል፣ በዓይን ይታያል። የቅጠል ነጠብጣብ ላይ ግን ባክቴሪያው ያለው ነጠብጣቧ ዙሪያ ብቻ ስለሆነ ከቅጠል የሚወጣው በብርጭቆ አይታይም፣ ማይክሮስኮፕ ነው የሚፈልገው፣ ከነጠብጣቧ ጠርዝ ቀጭን ቁራጭ ተቆርጦ ጠብታ ውሃ ላይ ሲደረግ ባክቴሪያው ሲጎርፍ ይታያል። ስለዚህ ብርጭቆው ላይ ምንም አላየሁም ብላ ባክቴሪያ አይደለም እንዳትል ነው የምፈራው። ደግሞም ልዩነታቸው ትልቅ ነው ጋሼ፣ የቲማቲሙ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፣ የኪያሩ ግን የሚቆየው በወደቀው ቅጠልና በዘሩ ላይ ነው፣ ቅጠሉ በስብሶ ካለቀ እሱም አብሮ ያልቃል። ማሳውን መንቀል ድረስ የሚያደርስ ነገር አይደለም።

የሮቢት ጓሮ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ አንተም ተባረክ። ያልከኝን አደረግሁ። ጠዋት ጤዛው ሳለ ገባሁና ብዙ ቅጠል ገለበጥኩ፣ ፀጉር የሚባል ነገር የለም። ጠብታው ግን አለ፣ መጀመሪያ ጤዛ ነው ብዬ አልፌው ነበር ግን ጤዛው ቅጠሉን እንዳለ ነው ያለበሰው፣ ይሄኛው ነጠብጣቧ ላይ ብቻ ቋጥሮ ይቀመጣል፣ ትንሽ ደፍረስ ያለ ነው፣ በጣቴ ስነካው ሙጫ ነገር አለው። ረፋድ ላይ ስመለስ ጤዛው ጠፍቷል፣ እዛ ቦታ ላይ ግን ነጭ ነገር ደርቆ ቀርቷል፣ በጥፍሬ ስፈገፍገው እንደ ቅርፊት ተነሣ። ፌስታል ውስጥ ያሳደርኩትም ፀጉር አላበቀለም። ፍሬ ላይ ደግሞ ከታች ካሉት ጥቂቶቹ ላይ መርፌ ራስ የምታክል ነጥብ አለች፣ ሌላው ንጹሕ ነው።

ሌላም ነገር አየሁ፣ በሽታው ዝም ብሎ አልተበተነም፣ በመስመር ነው የሄደው። ልጆቹ ሲባጎ ማሰር ጠዋት የሚጀምሩት በወንዙ በኩል ካለው መደብ ነው፣ እዛ ነው የበረታው፣ ቀን ላይ የሚደርሱበት መጨረሻው መደብ ላይ ገና እዚህም እዚያም ነው። ይሄ ነገር ይያያዛል እንዴ? ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ በፓምፕ ስበን በጎማ ከላይ ነው የምናጠጣው።

ሰብል ጥበቃ፦

በደንብ ነው የሚያያዘው እህቴ፣ እንዲህ አይተሽ መጻፍሽ ከፎቶው በላይ ነው የጠቀመኝ። ያ ሙጫ የመሰለው ጠብታ ውስጥ ያለው ባክቴሪያው ራሱ ነው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሰው ሲገባ በእጁ፣ በልብሱ፣ በሲባጎው ይዞት ይሄድና በሚቀጥለው ሐረግ ላይ ያሳርፈዋል፣ ሁሉም ሲደርቅ ግን ይሄ በጣም ይቀንሳል። ለዚህ ነው ቀን ላይ የተሠራው መደብ የዳነልሽ። ዝናብ ሲመታም ጠብታው ከቅጠል ወደ ቅጠል፣ ከመሬት ወደ ታችኛው ቅጠል ይረጨዋል፣ በጎማ ከላይ ማጠጣትም ያው ዝናብ ማለት ነው። ባክቴሪያው የሚመቸው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቆላ ናት፣ ዝናቡ ሲጨመርበት ሁለቱም ተሟሉለት ማለት ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ፣ እውነቱን ልንገርሽና የታመመውን ቅጠል የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚቻለው አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ማትረፍ ነው። ከሁሉም በላይ ከዛሬ ጀምሮ ጤዛ ወይም ዝናብ ሳይደርቅ ማንም ሰው ማሳው ውስጥ አይግባ፣ ለማሰርም ለመልቀምም፣ የቀን ሠራተኛ ካለሽ ጠዋት አረምና ቦይ ሥራ ላይ አውይውና ኪያሩ ጋ ከረፋድ በኋላ ይግባ፣ ሲገቡም ከጤነኛው መደብ ጀምረው በታመመው ይጨርሱ። ይሄን ብቻ ብታደርጊ ከየትኛውም መድኃኒት የበለጠ ይሠራል፣ ሰው ግን ብር ያልወጣበትን ምክር አይቀበልም፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ውሃውን በቦይ ከሥር ስጪው፣ ጎማውን መሬት ላይ አስተኝው።

ወንድማችን ቅጠል ቀንጥሺ ያለሽ ጥሩ ነው ግን ቅጠሉ ደርቆ ባለበት ሰዓት መሆን አለበት፣ እርጥብ እያለ ከተቀነጠሰ ቁስሉም ያስገባዋል እጅሽም ያዳርሰዋል። ከታች ያለውን በጣም የተመታውን ብቻ አንሺ፣ አንድ ሐረግ ላይ ብዙ ካነሣሽ ፍሬው ይራባል። ያነሣሽውን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪው፣ ቦይ ውስጥም አትጣይው፣ ውሃው ይዞት ከታች ያለው ጎረቤት ማሳ ይገባል። በከረጢት አውጥተሽ አቃጥዪው ወይም ጠለቅ አድርገሽ ቅበሪው።

መርጨት ከፈለግሽ ኮፐር የሚባለው የመዳብ መድኃኒት ነው፣ ኮፐር ሃይድሮክሳይድ ወይም ኮፐር ኦክሲክሎራይድ የሚል ጠይቂ፣ የተከለከለ ወይም ያለፈበት እንዳይሆን የእሽጉን ጽሑፍ አንብቢው። እሱም ቢሆን ጤነኛውን ቅጠል ይሸፍናል እንጂ የገባውን አያወጣም፣ ስለዚህ ትኩረትሽ ገና ያልተያዘው መደብና አዲሱ ቅጠል ላይ ይሁን፣ ጀርባውንም ይድረሰው። መጠኑን ከተጻፈው አታስበልጪ፣ ኮፐር ሲበዛ ቅጠል ያቃጥላል፣ በተለይ ቅጠሉ ሳይደርቅ የሚቆይበት ደመና ቀን ላይ። ኪያር ደግሞ በየጊዜው የሚለቀም ነገር ስለሆነ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚለቀም እሽጉ ላይ አለ፣ እሱን ሳታዪ አትርጪ። የሚረጨው ልጅ ጓንትና ጭምብል ያድርግ፣ በባዶ እጁና በባዶ ፊቱ እንዳትለቂው።

ጀውሃ ማዶ፦

እሺ ወንድሜ ገባኝ፣ ጥሩ ትምህርት ነው የሰጠኸን። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ እሷ ጋ ከየት መጣ ታዲያ? መሬቱ ላይ ከዚህ በፊት ኪያር ነበረ ወይ? ዘሩ ነው ካልክ ደግሞ የታሸገ ነው የምንገዛው፣ ታሽጎ መጥቶ በሽታ ካለው ገበሬ ምን ሊያደርግ ነው?

የሮቢት ጓሮ፦

መሬቱ ላይ አምና ሽንኩርት ነበር፣ ከዛ በፊት ማሾ። ኪያር የመጀመሪያችን ነው። ዘሩ ግማሹ የታሸገ ነው፣ ስላልበቃ የቀረውን ከፍሬ የወጣ ዘር ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛነው፣ ሁለቱ የተለያየ መደብ ላይ ናቸው፣ በወንዙ በኩል ያለው ከፍሬ የወጣው ነው። ሌላ ጥያቄ ልጨምር፣ ነጥብ የሌለበትን ፍሬ መሸጥ ችግር አለው? ሰው ይጎዳል ወይ? እና ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ሌላ ዙር ልተክል አስቤ ነበር፣ እዛው መሬት ላይ ይሆናል?

ሰብል ጥበቃ፦

ሰው አይጎዳም፣ ይሄ የተክል ባክቴሪያ ነው፣ በዚህ አትጨነቂ። ንጹሑን ፍሬ ሽጪ። ነጥብ ያለበትን ግን ለነጋዴ አትላኪ፣ በነጥቧ በኩል ሌላ አበስባሽ ይገባና ሳጥን ውስጥ ይለሰልሳል፣ ሮቢት ላይ ደህና የነበረው ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ አጠገቡ ያለውንም አበላሽቶ ይቆያል፣ ስምሽ ነው የሚጠፋው። ቤት ውስጥ ነጥቡን ቆርጣችሁ ብሉት። ስትለቅሚም ፍሬው ደርቆ ይሁን።

ከየት መጣ ለሚለው፣ መሬቱ ላይ ኪያርም ዱባም ካልነበረ ዘሩ ነው የምጠረጥረው። ወንዙ ዳር ያለው መደብ ከፍሬ የወጣው ዘር ከሆነ ጠዋት ልጆቹ የሚጀምሩት ከዛ መሆኑ ጋ ተደምሮ ነው የተስፋፋው ማለት ነው። የዚህ በሽታ ዋናው መንገድ ዘር ነው፣ ባክቴሪያው ከታመመ ፍሬ ወደ ዘሩ ይገባል፣ ዘሩ በዓይን ሲታይ ምንም የለበትም፣ ሲበቅል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ላይ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ችግኝ ላይ እያለ ማየት የሚያስፈልገው፣ አንድ ችግኝ ላይ ያኔ ከታየ ያንን አውጥቶ መጣል ማሳ ሙሉ ያድናል። የታሸገም ቢሆን መቶ በመቶ አይባልም ግን ከታወቀ አምራች ሲሆን አደጋው በጣም ያንሳል። አንቺም ከዚህ ማሳ ዘር እንዳታወጪ፣ ለጎረቤትም እንዳትሰጪ፣ የቱንም ያህል ያማረ ፍሬ ቢሆን።

መስከረም መጨረሻ እዛው ላይ ኪያር አትትከዪ። የደረቀው ቅጠል ውስጥ ባክቴሪያው ከሁለት ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከኪያር፣ ከዱባ፣ ከዝኩኒ፣ ከሐብሐብ ውጪ የሆነ ነገር ይዘራበት። እናንተ ጋ ይሄ አይቸግርም፣ ሽንኩርቱም ማሾውም በቆሎውም እሱን አይዙትም። ምርቱ ሲያበቃ ሐረጉን ከነሲባጎው አንሥተሽ አቃጥዪው፣ ሲባጎውን ለሚቀጥለው እንዳታስቀምጪው፣ እንጨቱን ግን ታጥቦ ፀሐይ ከመታው መጠቀም ይቻላል። ከዛ መሬቱን ቶሎ አርሰሽ የቀረውን ቅጠል ገልብጪው፣ ቶሎ በበሰበሰ ቁጥር ይሻላል።

የቀወት ገበሬ፦

ይሄን ሁሉ በወረቀትም ቢሆን የሚያረጋግጥ ላቦራቶሪ ቅርብ የለም ወይ ልጄ? እኛ አካባቢ ስንት ሰው ነው ቅጠል በኪሱ ይዞ መድኃኒት መሸጫ የሚሄደው፣ ሻጩም ያለውን ነው የሚሸጥለት።

ሰብል ጥበቃ፦

ልክ ነው ጋሼ። መጀመሪያ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ማሳው ድረስ መጥቶ ይየው፣ በወረዳው ግብርና በኩል ናሙና ወደ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል መላክ ይቻል እንደሆነ እሱን ጠይቁት፣ ለዕፅዋት በሽታ አገር ውስጥ የታወቀው ደግሞ አምቦ ያለው የምርምር ማዕከል ነው። ናሙና ስትልኪ እህቴ፣ የደረቀና የተበሳሳ ቅጠል ምንም አይነግራቸውም፣ አዲስ ነጠብጣብ ያለበትን ነው የሚፈልጉት፣ ጤነኛው ክፍል አብሮት እንዲኖር አድርጊ። በጋዜጣ መሀል ዘርግተሽ ጠቅልዪው፣ ውሃ አታርከፍክፊበት፣ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ከዋለ በማግስቱ ሌላ ሻጋታ ወርሶት ይደርሳል። ጠዋት ለቅመሽ በዛው ቀን ይሂድ። ወረቀት ላይ ደግሞ መቼ እንደተተከለ፣ ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተረጨ፣ ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ ጻፊበት፣ እኔን የነገርሽኝን ሁሉ።

ጀውሃ ማዶ፦

በዚሁ የኔን ሐብሐብ ልጠይቅህ፣ ከኪያሩ አጠገብ ነው ያለው። እሱንም ይይዘዋል?

ሰብል ጥበቃ፦

ሊይዘው ይችላል፣ ግን ዋናው ተጠቂ ኪያር ነው። ሐብሐብ ላይ የሚያሰጋህ ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ አሲዶቮራክስ ሲትሩሊ ይባላል፣ እሱም በዘር ነው የሚመጣው። ቅጠሉ ላይ ብዙም አያስታውቅም፣ ፍሬው ሊደርስ ሲል ከላይ ፀሐይ በሚያየው በኩል ጠቆር ያለ አረንጓዴ ውሃ የቋጠረ መልክ ይጀምርና በጥቂት ቀን ውስጥ እየሰፋ ልጣጩ ይሰነጠቃል። መሬት የነካው የታችኛው ጎን ቢበሰብስ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ከእርጥበት የሚመጣ። ዞረህ ከላይ ከላይ እየው፣ እንደዛ ያለ ካገኘህ ፎቶውን ከነቅጠሉ ላክልኝ።